ብቻውን በባሕር ላይ የቀረ ሰው እንዴት እንደ ዳነ

ከባሕር ርቆ በደጋና በወይና ደጋ የሚኖር ሰው ስለ ባሕር የሚያውቀው በንባብ ወይም በወሬ ነው። ወንዝ ሲሞላ መንገደኛን እንደሚያስቀር ያውቃል፤ ሐይቅ ያየም ማዕበል ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን በግራም በቀኝም፥ በፊትም በኋላም እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ የብስ የማይታይበትን ስፍራ በልብ መሣል ያስቸግራል። እንዲህ ባለ ስፍራ ጀልባው የተሰበረችበት ሰው ቢጮኽ ማን ይሰማዋል? የሚሰማውስ ቢገኝ በምን መንገድ ይደርስለታል? ይህን ለመረዳት በ1989 ዓ.ም. በደቡብ ውቅያኖስ ላይ የሆነውን መመልከት መልካም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን፥ ሌላ መሆኑ ካልተነገረ በቀር፥ ሁሉም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በፈረንሳይ አገር በምዕራቡ ጠረፍ ሌ ሳብል ዶሎን የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ከዚህች ከተማ በየአራት ዓመቱ ቫንዴ ግሎብ የሚባል የጀልባ እሽቅድድም ይነሣል። ሕጉ አጭር ነው፤ ተወዳዳሪው በሸራ በምትሄድ ጀልባ ብቻውን ይጓዛል፤ ምድርን ይዞራል፤ በመንገዱ በማናቸውም ወደብ አያርፍም፤ ከማንም ሰው ርዳታ አይቀበልም። መንገዱም አትላንቲክን ወደ ደቡብ ወርዶ፥ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ በታች አልፎ፥ በአውስትራልያ ደቡብ ተጕዞ፥ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ ወደ ተነሣበት ወደብ መመለስ ነው። የመጀመሪያው እሽቅድድም የተጀመረው በ1982 ዓ.ም. ነበረ። ጥቅምት 24 ቀን 1989 ዓ.ም. በተጀመረው ግን 16 ጀልባዎች ሲወጡ ጕዞውን በሕጉ መሠረት ጨርሰው የተመለሱት 6 ብቻ ናቸው።

ይህን ያህል ጀልባ የጐዳው የደቡብ ውቅያኖስ ነው። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ከ40ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ጀምሮ እስከ 60ኛው ድረስ ያለው የምድር ቀበቶ ከጥቂት ስፍራ በቀር ሁሉ ውሃ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ነፋስ ሲነሣ ተራራና ደን ሰፊም የብስ እየተቀበለ ኀይሉን ያበርደዋል። በዚያ ግን የሚከለክለው የለምና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዓለምን ሲዞር ይኖራል፤ ማዕበሉም ከነፋሱ ጋር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ በሄደ ቍጥር ያድጋል። መርከበኞች 40ዎቹን ዲግሪዎች «የሚያገሡት አርባዎች»፥ 50ዎቹን ደግሞ «የተቈጡት አምሳዎች» ብለው ሰይመዋቸዋል። የሸራ ጀልባ ነጂ ይህን ነፋስ ይፈራዋል፤ ነገር ግን ፈጥኖ የሚያደርሰው እርሱ ስለ ሆነ መልሶ ይፈልገዋል። ደግሞም ወደ ደቡብ በወረደ መጠን ምድርን የሚዞርበት መንገድ ያጥርለታል። የምድር ሉል የሌለው መምህር በብርቱካን ላይ አንድ ጊዜ በወገቡ፥ አንድ ጊዜም ወደ ታችኛው ጫፍ ቀረብ አድርጎ ክር ቢያዞር ይህ ነገር ለተማሪዎቹ ወዲያው ይገለጥላቸዋል።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ቶኒ ቡሊሞር የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ። ዕድሜው 57 ዓመት ነው፤ አስቀድሞም በአገሩ የባሕር ወታደር ሆኖ አገልግሎ ነበር። ጀልባው ኤክሳይድ ቻሌንጀር ትባላለች፤ ርዝመቷም 18 ሜትር ያህል ነበረ። እንዲህ ያለችውን ጀልባ ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ከሆዷ በታች ወደ ውሃ የሚወርደው ረጅምና ቀጭን ክንፍ ነው። በክንፉም ጫፍ ብዙ ሺሕ ኪሎ የሚመዝን ከባድ ክብደት አለ። ነፋስ ሸራውን ገፍቶ ጀልባዋን ሲያጋድላት ይህ ክብደት ወደ ታች ስቦ ይመልሳታል። ነገሩን በዓይን ለማየት ለሚፈልግ ባዶ ቅል ይበቃዋል። ቅሉን የማያሰጥም ትንሽ ድንጋይ በአንድ ወገኑ አጥብቆ አስሮ በገንዳ ውሃ ላይ ቢያኖረው፥ ቅሉን በእጁ በገለበጠው ጊዜ ድንጋዩ ዘወር አድርጎ ይመልሰዋል። ክሩ የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን ቅሉ ወደ ወደቀበት ይንከባለላል።

በታኅሣሥ 27 ቀን (በአውሮጳውያን ጃንዋሪ 5 ቀን 1997) በኤክሳይድ ቻሌንጀር የደረሰባት ይህ ነው። በ52ኛው ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ አቅራቢያ፥ ከአውስትራልያ ጠረፍ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለች በብርቱ ዐውሎ ነፋስ መካከል ክንፏ ተሰበረ። ይህ ርቀት በአየር ቢለካ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ያለውን ያህል ነው። ጀልባዋ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሆዷ ወደ ሰማይ ሆነ፤ በውስጥ የነበረውም ቡሊሞር ጣራውን ረግጦ ቆመ። በኋላም አንድ መስኮት ተሰበረና ውሃው እየገፋ ገባ። ማዕበሉ በወጣና በገባ ቍጥር ስንቁንና ዕቃውን በዚያው መስኮት እየጠለፈ ወሰደበት። የመውጫው ክዳን በኀይል ተመልሶ ሲዘጋም የግራ እጁን የትንሿን ጣት ጫፍ ቈረጠው።

ከዚህ በኋላ አራት ቀን ያህል በጨለማ ተቀመጠ። ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ ከውሃው በላይ በቀረችው ጠባብ ስፍራ እንደ መደብ ያለ ነገር አበጅቶ በዚያ ላይ ተጋደመ። ለምግብ የቀረለት ጥቂት ቸኰላት ነበረ። የባሕርን ውሃ ከጨው የሚያጣራ በእጅ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ስለ ነበረው ጥቂት ጥቂት እየጠጣ ጕሮሮውን ያርስ ነበር። በእነዚህ ቀናት መካከል በኢትዮጵያ የልደት በዓል ይከበር ነበር፤ በዚያ ደቡብ አገርም ወራቱ በጋ ነው። የዚያ ስፍራ በጋ ግን የባሕሩ ውሃ ወደ በረዶ የተጠጋበት በጋ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ የሚጠይቀው ነገር አለ። ጀልባዋ ተገልብጣ፥ መስኮቷም ተሰብሮ ሳለ ስለ ምን አልሰጠመችም? ሰውየውስ ምን እየተነፈሰ ቈየ? መልሱን ብርጭቆና አንድ ገንዳ ውሃ ያሳያሉ። በብርጭቆው ውስጥ በመጨረሻው ስፍራ ደረቅ ወረቀት አጣብቆ አፉን ወደ ታች በመድፋት ቀጥ አድርጎ ወደ ውሃው ማስገባት ነው። ብርጭቆው ሲወጣ ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ይገኛል፤ አየር ስፍራ ያለው ነገር ስለ ሆነ፥ መውጫ እስካላገኘ ድረስ ለውሃ ስፍራውን አይለቅምና። ብርጭቆውን ያዘነበሉት እንደ ሆነ ግን አየሩ በአረፋ ይወጣል፤ ውሃውም ተተክቶ ይገባል። የተገለበጠችው ጀልባ እንደ ተደፋው ብርጭቆ ነበረች። የተሰበረው መስኮት ከውሃው በታች ስለ ሆነ ውሃን ቢያስገባም ከላይ ያለውን አየር አላስወጣም። ከዚህ የተነሣ አንድ ሌላ ነገር ይታወቃል፤ ይኸውም ሊያድኑት የመጡ ሰዎች ደንግጠው ጀልባዋን ከላይ በመጥረቢያ ቢፈለጡ ኖሮ ሰውየውን ያቆየው አየር በዚያ ቀዳዳ ይወጣ ነበር።

አየሩ ትንፋሹን ጠበቀለት እንጂ ሙቀቱን አልጠበቀለትም። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ሰውነት ሲበርድ አስቀድሞ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን ለማሞቅ የሚሠራው ሥራ ነው። ብርዱ ከበረታ ግን መንቀጥቀጡ ይቀራል፥ አሳብም ይደክማል፥ ሰውየውም እንቅልፍ እንደ ያዘው ሆኖ ይሞታል። ስለዚህ በብርድ የተጐዳ ሰው መንቀጥቀጡን በተወ ጊዜ ዳነ ብሎ ቸል ማለት አይገባም። ይህስ በደጋ አገር ላሉት እረኞችና መንገደኞችም የሚጠቅም እውቀት ነው።

አሁን ወደ ምልክቱ ነገር እንመለስ። እነዚህ ጀልባዎች የአደጋ ምልክት የሚያስተላልፍ ትንሽ የራዲዮ መሣሪያ ይዘው ነበር። መሣሪያው ቃል አይናገርም፤ እየደጋገመ አንድ ምልክት ወደ ሰማይ ይልካል። ከላይ ምድርን የሚዞሩ ሳተላይት የሚባሉ ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች ምልክቱን ተቀብለው በምድር ላይ ላሉት ጣቢያዎች ያወርዱታል። ኮስፓስ ሳርሳት የተባለውን እንዲህ ያለ የማዳን ሥራ አሜሪካ፥ ካናዳ፥ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት በአንድነት አቋቋሙት። እርስ በርሳቸው በጠላትነት ይተያዩ በነበረበት ዘመን መንግሥታቱ በዚህ ነገር መስማማታቸው የሚያስደንቅ ነው። በ1974 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራው የመጀመሪያዎቹን ነፍሶች አዳነ።

ሳተላይቱ የምልክቱን ስፍራ የሚያውቅበት ጥበብ ለመንገድ ዳር መንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ጡሩምባዋን እየነፋች የምትመጣ መኪና ስትቀርብ ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አልፋ ስትርቅ ይወፍራል። መኪናይቱ በአጠገብ ያለፈችበትን ቅጽበት ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ በድምፁ መለወጥ ያውቀዋል። በራዲዮ ምልክትም እንደዚሁ ነው፤ ሳተላይቱ በምልክቱ ላይ ሲያልፍ የምልክቱ ንዝረት ይለወጣል። ከዚህም ለውጥ የሒሳብ ዐዋቂዎች ስፍራውን ለጥቂት ኪሎ ሜትር እስኪቀር ድረስ ለይተው ያወጡታል።

የቡሊሞር ምልክት በተሰማበት ሰሞን ከዚያው እሽቅድድም የሌላ ሰው ምልክት ተሰማ። ይህም ቴሪ ዱቧ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የርሱም ጀልባ ተገልብጣ ነበር፤ እርሱ ግን ከውጭ በጀልባዋ ጀርባ ላይ ወጥቶ ተጣብቆ ነበር። የአውስትራልያ የአየር ኀይል ኦራየን የሚባሉትን አይሮፕላኖች ሰደደ። መንገዱ እጅግ ረጅም ስለ ሆነ አንዱ አይሮፕላን በስፍራው ሊቈይ የሚችለው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ነዳጁ ሳያልቅ ይመለሳል፤ ሌላውም ይተካዋል። ለዱቧ በነፋስ የሚነፋ የሕይወት ማዳኛ ታንኳ ጣሉለትና ገባበት። ኤክሳይድ ቻሌንጀርንም አገኟት፤ ነገር ግን ነጭ አረፋ በሞላበት ባሕር ላይ የተገለበጠ የጀልባ ሆድ እንጂ ሰው አላዩም። ብዙ ሰዎችም ቡሊሞር ሞቷል ብለው ተስፋ ቈረጡ።

አይሮፕላን ሰውን ሊያይ ስንቅም ሊጥልለት ይችላል፤ ከውሃ ሊያወጣው ግን አይችልም። ከየብስ የሚነሣ ሄሊኮፕተርም ያን ያህል መንገድ ሄዶ ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ አደሌይድ የተባለችው የአውስትራልያ የጦር መርከብ በምዕራብ አውስትራልያ በፍሪማንትል አጠገብ ካለው ሰፈሯ ሄሊኮፕተሯን ይዛ ወጣች፤ ነዳጅ የምታቀብላት ሌላም መርከብ ተከተለቻት። ከሦስት ቀን ያህል ጕዞ በኋላ ጥር 1 ቀን ደረሰች። ሄሊኮፕተሩ አስቀድሞ ዱቧን ከማዳኛው ታንኳ በገመድ ስቦ አወጣው።

ከዚህም በኋላ መርከቢቱ ወደ ኤክሳይድ ቻሌንጀር ቀረበችና ጥቂት መርከበኞችን በትንሽ የሞተር ጀልባ ላከች። የተላኩትም ወደ ተገለበጠችው ጀልባ ደርሰው ሆዷን በኀይል ደበደቡ። ቡሊሞር በውስጥ ሆኖ ድብደባውንና የሰው ድምፅ ሰማ፤ እመጣለሁ ብሎም ጮኸ። መውጫው ከውሃ በታች ስለ ነበረ ለመዳን አስቀድሞ ወደ ታች መጥለቅ ነበረበት። ትንፋሹን ስቦ ያዘ፤ በጨለማው ውሃ ውስጥ ወርዶ በመውጫው ሾለከ፤ ከጀልባዋም ጐን ወደ ላይ ብቅ አለ። ከመርከበኞቹ አንዱ ወደ ውሃው ዘሎ ያዘው፤ ወደ ጀልባቸውም ጐትተው አወጡት። ብርድ ጐድቶት፥ ውሃ ጥምም አድክሞት ነበር፤ ነገር ግን አእምሮው ደኅና ነበረ። ከተደሰተበት ብዛት ካዳኑት መርከበኞች አንዱን ጢማም ሰው ስሞታል ይባላል። ጥር 5 ቀን አደሌይድ ሁለቱን ሰዎች ይዛ ወደ ፍሪማንትል ተመለሰች።

በዚያው እሽቅድድም ከዚህ ቀደም የሆነ ሌላ ማዳን አለ፤ ይህኛው ያለ ጦር መርከብ የተፈጸመ ነው። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ራፋኤል ዲኔሊ የተባለ ፈረንሳዊ ጀልባው ልትሰጥም ደርሳ በላይዋ ቆሞ ማዕበሉ ይመታው ነበር። አይሮፕላን የማዳኛ ታንኳ ጣለለት፤ ወደ ታንኳው ከገባ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ጀልባው ሰጠመች። በአቅራቢያው ከሁሉ የሚቀርበው ፒት ጎስ የተባለ እንግሊዛዊ ተወዳዳሪ ነበረ። ቅርብ ማለት ግን በዚያ ባሕር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም በስተ ኋላው፥ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን። የሸራ ጀልባ ነፋስን ፊት ለፊት አትወጣውም፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እያገደመች ትታገለዋለች እንጂ። ጎስ ጀልባውን አዙሮ ሁለት ቀን ታገለና ዲኔሊን በሕይወት አገኘው፤ ሆባርት እስከምትባለው የአውስትራልያ ወደብም አደረሰው። ከዚያ ጕዞውን ቀጥሎ በእሽቅድድሙ አምስተኛ ወጣ። የፈረንሳይ መንግሥት የሌጅዮን ዶነር ኒሻን ሸለመው።

ሁሉ ግን አልዳነም። ጄሪ ሩፍ የተባለው የካናዳ ሰው በዚያው በታኅሣሥ መጨረሻ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደቡብ ሲሄድ ምልክቱ ጠፋ። ኢዛቤል ኦቲሲዬ የምትባል ፈረንሳዊት ባሕረኛ በማዕበሉ መካከል ጀልባዋን መልሳ ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ከወራት በኋላ የጀልባው ስብራት በቺሊ ጠረፍ ተገኘ፤ እርሱ ግን አልተገኘም። ምልክት በሌለበት ስፍራ የአዳኝ ብዛትና ትጋት ብዙ አይጠቅምም፤ ባሕሩ ሰፊ ነውና።

ቡሊሞርና ዱቧ ከዳኑ በኋላ በአውስትራልያ ብዙ ክርክር ተነሣ። ወዶና ፈቅዶ፥ ማንም ሳያስገድደው፥ ለእሽቅድድም ብሎ ወደዚያ ባሕር የሄደን ሰው ለማዳን የአገሩ ሕዝብ ስለ ምን ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣል? አዳኞቹስ ስለ ምን ነፍሳቸውን ለአደጋ ይሰጣሉ? ይህ ጥያቄ እንዲያው በቍጣ የሚናቅ አይደለም፤ አስተዋይ ሽማግሎች በሸንጎ ሊመረምሩት የሚገባ ነው። የአውስትራልያ መንግሥት የመለሰው ግን ሰውን ከባሕር ማዳን በዓለም ሕግ የገባበት ግዴታ እንደ ሆነ፥ በሕሊናም ቢሆን ሊተወው እንደማይችል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለአዳኞቹ ጥሩ ልምምድ ነው የሚል አሳብም ነበረ።

ግዴታው የቈየ ነው። በ1903 ዓ.ም. በብሩክሰል ከተማ በተደረገው ውል የመርከብ አዛዥ ሁሉ መርከቡንና ሰዎቹን ለብርቱ አደጋ ሳያጋልጥ ሊያደርገው እስከ ቻለ ድረስ በባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበውን ሰው፥ ጠላት እንኳ ቢሆን፥ እንዲረዳ ታዘዘ። በ1904 ዓ.ም. ታይታኒክ የተባለችው ታላቅ መርከብ ሰጥማ ከ1,500 የሚበዙ ሰዎች ከሞቱ በኋላ መንግሥታት የባሕር ላይ ሕይወትን ስለ መጠበቅ ሌላ ውል አደረጉ፤ ይህም ውል እየታደሰ ዛሬም ይሠራበታል። በ1971 ዓ.ም. በሐምቡርግ በተደረገው ውል ደግሞ የዓለም ባሕር ሁሉ በክፍል ተከፍሎ ለየክፍሉ ኀላፊ መንግሥት እንዲኖረው ተወሰነ። ለአውስትራልያ የደረሳት ክፍል 53 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል፥ ማለት የምድር ፊት አንድ ዐሥረኛ ነው። ሁለቱ ጀልባዎች የተገለበጡት በዚህ ክፍል ውስጥ ነበረ። ኢትዮጵያም ምንም እንኳ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራት በባሕር የሚሄዱ የንግድ መርከቦች አሏት፤ በመንገዳቸው በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ቢያገኙ የመርከቦቿ አዛዦችም በዚሁ ግዴታ ውስጥ ናቸው።

ከዚያ እሽቅድድም በኋላ የጀልባዎቹ አሠራር ተመረመረ። ሰፋፊ ሆነው የተሠሩት ጀልባዎች ቀጥ ብለው ሲሄዱ የማይናወጡትን ያህል ከተገለበጡም በኋላ በዚያው ጸንተው እንደሚቀሩ ታወቀ። ስለዚህ ለእሽቅድድም የምትቀርብ ጀልባ ሁሉ ብትገለበጥ ተመልሳ ልትቆም እንደምትችል አስቀድማ በወደብ ተገልብጣ እንድትፈተን ሕግ ወጣ። የመውጫ በርም በተገለበጠች ጊዜ እንዲያገለግል ሆኖ ይሠራል።

ቡሊሞር ከዚህ ሁሉ በኋላ ባሕርን አልተወም፤ በ1993 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋር በትልቅ ጀልባ ምድርን ለመዞር በተደረገ ሌላ እሽቅድድም ገባ። በ2010 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ ዐረፈ። አደሌይድም አርጅታ ከባሕር ኀይሉ አገልግሎት ወጣች። በ2003 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአውስትራልያ ምሥራቅ ጠረፍ አጠገብ ሆዷን በፈንጂ ቀዳድተው አየሩ ሲወጣላት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ አሁን የዓሣ መኖሪያና የጠላቂዎች መጐብኛ ሆና በባሕሩ ወለል ላይ ትገኛለች።